የእናታቸውን ሕመም ሲያጠኑ የኖሩት እህታችን

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት፣ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የሦስት ልጆች ታላቅ ነበሩ።

እህታችን አሥረኛ ክፍል ሳሉ የእናታችን እግር መደንዘዝ ጀመረ። የፈላ ውሃ ፈስሶባቸው እንኳ አልተሰማቸውም። በሁለተኛው ዓመት ልባቸው ደክሞ አረፉ። ሐኪሞቹ የሕመሙን ስም አላወቁም፤ እህታችን ግን አለማወቁን ሊቀበሉት አልቻሉም።

በ1969 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ባዮኬሚስትሪ አጠኑ። ከ1973 ጀምሮ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ ሹራብ ደርበው፣ በአንድ ላቦራቶሪ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠሩ። በ1977 ዓ.ም. የላቦራቶሪውን ማቀዝቀዣ ሊጠግኑ የመጡትን መካኒክ አገቡ። ባለቤታቸው «ብርድ አጋባን» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ሥራቸውን ስንጠይቃቸው እንዲህ ያስረዱን ነበር፦ ፕሮቲን በሴል ውስጥ እንደ ረጅም ክር ሆኖ ይፈጠራል፤ ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው። አንዲት ቅንጣት ከተሳሳተች ቅርጹ ይላላል፤ የላላው እርስ በርሱ ተጣብቆ ነርቭና ልብ ላይ ይከማቻል። የእናታችን ሕመም ይኸው ነበር፤ በዘርም ይተላለፋል።

በ1986 ዓ.ም. የመካከለኛው ወንድማችን እግር ደነዘዘ። እህታችን የሁላችንንም ደም አስመረመሩ። እኔ ታናሻቸው ከሕመሙ ነጻ ሆኜ ተገኘሁ። የራሳቸውን ውጤት ሁለት ሳምንት ደብቀው፣ በመጨረሻ በረንዳ ላይ «እኔም አለብኝ። በል አታልቅስብኝ፣ ደክሞኛል» አሉኝ። በማግስቱ ሥራ ገቡ።

ወንድማችን በ1991 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ የራሳቸው ልጅ ያልነበራቸው እህታችን የሟቹን የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ወስደው አሳደጉ። የፕሮቲኑን ቅርጽ አጥብቆ የሚይዝ መድኃኒት በ2004 ዓ.ም. ተገኘ፤ በብዙ አገር ብዙ ሰው የለፋበት ሲሆን የእሳቸውም ድካም አለበት። ልጅቷ ግን ተመርመሪ ሲሏት «አክስቴ፣ እባክሽ ማወቅ አልፈልግም» አለች። አላስገደዷትም። አራት ዓመት ጠበቋት። አንድ ቀን ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ሕመሙ ተገኘባት፤ መድኃኒቱንም ሳይረፍድ ጀመረች። ዛሬ ደህና ናት።

መድኃኒቱ ልብ ላይ አስቀድሞ የተከማቸውን አያጠፋምና ለእህታችን ዘግይቶ ነበር። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ባለቤታቸው አልጋቸውን ሳሎን አወረዱላቸው። መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

የእናታችንንም የወንድማችንንም የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ መጻፍ አልፈልግም።

ባለቤታቸውን፣ ያሳደጓትን ልጅና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላሙ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጉልበት ይስጠን።