ለደርባን ጉዞህ የተጾመው ጾም

ልጄ ፍሬዘር፣ ጌታ በወጣህበት ይጠብቅህ፤ እጁ ካንተ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት በርትቷል። እህትህ ሶሲ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ጀምራለች።

«ከጆሃንስበርግ ለሥራ ደርባን ልሄድ ነው፤ በር እንዲከፈትልኝ አስጸልዪልኝ» ብለኸኝ ነበር። እኔም በሐሙሱ የጸሎት ቡድናችን ቆሜ ተናገርኩ። የቡድናችን አባል ጫልቱ ስኳር እያለባት፣ ከወለንጪቲ እየተመላለሰች ትጾምልሃለች። «ተይ፣ ይጎዳሻል» ስላት፣ «ልጅሽ ልጄ አይደለም እንዴ? ደርባን እስኪደርስ አልፈታም!» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት ሶሲ አንተ የጻፍክላትን መልእክት አነበበችልኝ። ለካስ የምትሄደው ቁማር ልትጫወት ኖሯል። ባሕሩ ዳር የያዝከውን ሆቴል፣ መጀመሪያ የምትቀመጥበትን ጠረጴዛ፣ የምትለብሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ነግረሃታል። ሸሚዙን የላክሁልህ ለቤተ ክርስቲያን ነበር።

ትልቅ ሰው ነህ፤ ሂድም አትሂድም አልልህም። የታመመች ሴት አስጹመህ ቁማር ቤት መግባትን ግን ከየት ተማርከው? እኔ አላስተማርኩህም።

ጌታ ልብህን ይመልስልኝ፤ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እባክህ ልጄ፣ ዛሬውኑ ለጫልቱ ደውልና ጾሟን እንድትፈታ ንገራት። እኔ ፍቺ ብላት ምክንያቱን ትጠይቀኛለች ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስልኳን አላነሳሁም።

እናትህ ሰብለወንጌል