ደረጃ በሌለው ቤት ከደረጃ የወደቀው ወንድሜ

ለክቡር የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ የተሟላ ጤንነት፣ ለባልደረቦችዎም የክንድ ብርታት እመኛለሁ፤ ቤታችን መጥተው ሥራቸውን ሲሠሩ በጣም ደክሟቸው አይቻለሁና። እኔ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። የሚያስጽፈኝ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው የታናሽ ወንድሜ ጉዳይ ሲሆን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ምሳ ላይ ሳለን ባልደረቦችዎ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሩን ሰብረው በመግባታቸው፣ ተነስቼ ከመክፈት ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። "የተሰረቀ ዕቃ ገዝተሃል" ብለው ወንድሜን በጸጉሩ ጎትተው ከወንበሩ ካወረዱት በኋላ፣ አንዱ ቀኝ እጁን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ሲይዝ ሌላው በጫማው ተረከዝ ጣቶቹን አንድ በአንድ ረገጣቸው። ሲሰበሩ ይሰማ ነበር። እናታችን "ልጄን ተዉልኝ፣ በእናታችሁ!" ብላ እላዩ ላይ ብትወድቅ፣ ጀርባዋን በዱላ ብለው አስነሷት።

፪. ጣቢያ ውስጥ ደሙ ሳይደርቅ፣ ያልሠራውን ወንጀል አምኖ እንዲፈርም ለተደረገለት እገዛ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ቢለው በግራው አስፈርመውታል። መርማሪዎ ችሎት ላይ "ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ነው" ብለው ሲመሰክሩ፣ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው "የትኛው ደረጃ?" አሏቸው። ቤታችን መሬት ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ደፍ እንኳ የለውም። መርማሪዎ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ዳኛዋም ያለ ትእዛዝ ቤት ሰብሮ መግባትና በድብደባ ቃል መቀበል ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው ብለው ወንድሜን በነፃ አሰናበቱት።

፫. ደስታው እንዳይበዛብን አስበው ይሆናል፣ ባልደረቦችዎ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከእቅፌ ነጥቀው መኪና ላይ ወረወሩት። "ተፈትቷል እኮ!" ብዬ ብጮህ፣ ሹፌሩ "የፈታችው ዳኛዋ ናት፤ እኛ አልፈታነውም" አለኝ።

እዚህ ላይ ምስጋና አጠረኝ። ሆስፒታል በር ላይ ተጥሎ ስናገኘው ግራ ዓይኑ ፈሶ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ያለፈ ሰው ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል፤ እናቴ ጎንበስ ብላ "እኔ ነኝ፣ ና ውጣ የኔ ጌታ" እያለች ታባብለዋለች። የልብስ መቀሴን ጨብጬ ወደ ጣቢያዎ የተሻገርኩበት ቀን ነበር። አስፋልቱ መሃል ላይ አንዲት ደንበኛዬ ክንዴን ይዛ ባትመልሰኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አይቀበሉም ነበር። መቀሱን አስቀምጬ፣ ጠበቃ ይዤ ለአቤቱታ እንደገና ዳኛዋ ፊት ቆምኩ።

በሕይወት ስላሉልኝ እጅግ ደስ እያለኝ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ጎረቤትዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት ዳኛዋ እርስዎም ባልደረቦችዎም ተይዘው እንዲቀርቡ አዝዘዋል። አይስጉ። የሚይዝዎ ሰው ትእዛዙን ያሳይዎታል፤ አይመታዎትም፤ ያላሉትን ብለዋል ብሎ አያስፈርምዎትም። ይህን መብት ወንድሜ አስከብሮልዎታል።