በድምፅ ብልጫ

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ዛሬም 10ኛ ሐ፣ የዜግነት ትምህርት። ሕገ መንግሥት የበላይ ነው፤ የሚቃረነው ሕግ ዋጋ የለውም። አንዷ ተማሪ፣ ፓርላማው በሙሉ እጁን ቢያወጣስ አለችኝ። ፓርላማውን ራሱን የወለደው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ልጅ አባቱን በድምፅ ብልጫ ይሽራል ወይ? አልኳት። ሳቁ። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ፣ ደብተሬ፣ እወቅልኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 6፣ ከሰዓት

ከእድር ስብሰባ መመለሴ ነው። ጎረቤቶቼ ጋሽ በቀለና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ተሰረዙ! ጴንጤ ሆኑ ተብሎ፣ በድምፅ ብልጫ። እድሩን ካቆሙት አንዱ ጋሽ በቀለ ናቸው እኮ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት መልሷቸዋል። ነገ ቢሞቱ ማን ይቀብራቸዋል?

የደንባችን አንቀጽ 1፦ ማንም በሃይማኖቱ አይሰረዝም፤ ይህ አንቀጽ በድምፅ አይለወጥም። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ፣ ፓርላማ ተቀምጠው የመጡ ሰው፣ ከጉባኤ በላይ ምንም የለም አሉ። ጉባኤውን ማን ፈጠረው ታዲያ? ይህን ልል ብድግ ስል የእድሩ መራቂ ሽማግሌ መመረቅ ጀመሩ። ምርቃት አይቋረጥ ነገር። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ሁሉም አሜን። እኔም ከልማዴ፣ አሜን! ከዚያ እጄን ባወጣ አቶ ደምሴ ፈገግ አሉ። “የኔ እህት፣ አሜን ብለሽ የለ እንዴ?” በምርቃት የተዘጋ ጉባኤ አይከፈትም አሉ። ምላሴን በቆረጠው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ልጠይቃቸው ገባሁ። ሰምተዋል። እትዬ ዘነበች፣ ዋቀዮ ያውቃል፣ እግዜር ያውቃል ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ጋሽ በቀለ በደከመ ድምፅ፣ ስንት ሰው ተቃወመ አሉ። ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

10ኛ ሐ ገባሁ፤ የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ዘለልኩት። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ከእትዬ ዘነበች ግቢ ጩኸት። ጋሽ በቀለ ዐረፉ። ወይኔ!

ጡሩምባ ግን የለም። ለሌላው ቢሆን ይሄኔ ሰፈሩ በጡሩምባ ተናውጦ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ታደሰ ቤት ሮጥኩ። በራፉ ላይ ቆሟል። አቶ ደምሴ አትንፋ ብለውኛል፣ እንጀራዬ ነው፣ ይላል። አንቀጽ 1ን ጠቀስኩለት። “አንቀጽ ጡሩምባ አይነፋም፣ እቴ።”

ስጠኝ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ሰጠኝ።

ነፍቼ አላውቅም። ሴት ስትነፋም አላየሁም። ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ፣ ልወጣ ነው። ከአቶ ደምሴ ደጅ ነው የምጀምረው።