ለሀዲያ ማን አላት?

ይድረስ ለወንድሜ ለመሐመድሰዒድ፣ ጀርመን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሰሚያስ ሆዷ ከገፋ ወዲህ እንዴት ሆነች? እንቅልፍ ትተኛለች? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ውኃው ዘንድሮም ፎገራን አልብሶታል፤ ሩዙ ግን ጥሩ ይዟል። እማየም ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነች።

በስልክ ብንነጋገር ቁጣዬ ስለሚቀድመኝ ነው መጻፌ። «እታለም፣ አንቺ ታድለሻል። እኛ እዚህ የመጀመሪያዎቹ ነን፤ ከፊታችን የመጣ ዘመድ የለን፣ ስንወልድ ደጃችንን የሚያንኳኳ የለን። እቀናብሻለሁ» ብለህ ላክህብኝ። ኧረ እባክህ! የቀናሁስ እኔ። ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው።

እማየ ሰሚያን ለማረስ ወደ እናንተ የምትመጣበት ቪዛ ከመጣላት ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ባሕር ዳር ወስጄ ዓይንሽን ላሳይሽ ስላት «መኪና ያዞረኛል» እያለች ከሐሙሲት የማታልፍ ሴትዮ፣ አሁን አውሮፕላን ለመሳፈር ትጣደፋለች። ለሰሚያ ገንፎ የሚሆን ገብስ አስፈጭታ፣ በገዛ እጇ ነፍታ፣ ሻንጣው ውስጥ ጠቅጥቃዋለች። እኔ ይፋግ ላይ ሀዲያን ስወልድስ? ገና ከአልጋ ሳልነሳ «መሐመድሰዒድ ፈተና አለበት፣ ማን ያበላዋል?» ብላ ጥላኝ ነበር የሄደች።

ያች ሀዲያ ራሷ ዛሬ ደርሳ በመስከረም ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው፤ ፈርታለች። ባለፈው ዓርብ አላስችል ብሎኝ እማየን «የልጅ ልጅሽን ትተሽ ለምራትሽ ባሕር ትሻገሪያለሽ?» አልኋት። አልተቆጣችም። «ሀዲያ እናት አላት፣ አንቺ አለሽላት። የሰሚያ እናት አፈር ከለበሱ ቆዩ። እነሱ እዚያ ማን አላቸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። የመጀመሪያ መሆን የእናንተ ብቻ ይመስልሃል? እማየ እኔን ስትወልድ እናቷም አያቷም አጠገቧ ነበሩ። በእኛ ቤት እናቷ በሕይወት እያለች ልጇን ብቻዋን የምታርስ ሴት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

ቢሆንም ትምጣላችሁ። ጉልበቷን ብርድ እንዳይመታው አደራ። ደረጃ ብዙ አታስወጣት።

ሰሚያን አላህ በሰላም ይገላግላት፤ በእኔ ስም ሳምልኝ። ሙሰብ ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ሀዲያም «ለአጎቴ» ብላ ሰላምታዋን ልካለች፤ እሷ እንደኔ አልተቀየመችህም።

አንድ ነገር ብቻ። እማየ «እነሱ ማን አላቸው?» ስትለኝ፣ «እኔስ ማን አለኝ?» የሚለው ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። ከሰማች ሻንጣዋን ትፈታለች። እንዳትነግራት።

እህትህ ዘሊካ
ወረታ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.