የአባትህ አማርኛ

ሂርና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለጂሬኛ ደገፋ
ሉሳካ

ጂሬዬ፣ ሰላምህ ይብዛልኝ። እኔና ልጆቹ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እንዲያውም ወፍረናል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንተ አታስጨርስም። ገና አፌን ስከፍት «ቆይ ቆይ፣ ገባኝ» ትላለህ፤ የሚገባህ ግን ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው። ይህን ደግሞ እስከ መጨረሻው እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። ያ ሉሳካ ሱቅ ያለው የጪሮ ልጅ ኢርሻድ ቅዳሜ ይበራል፤ የቤቱን የኪራይ ውል ከመፈረምህ በፊት በእጅህ እንደሚያደርስልኝ በልጆቹ ምሎልኛል። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብብ። እስክሪብቶውንም ራቅ አድርገህ አስቀምጥልኝ።

የካምፓላውን ቤት ለቀን አንተ ወደ ሉሳካ፣ እኛ ወደዚህ ስንለያይ «ሦስት ሳምንት ብቻ፤ ቤት እንዳገኘሁ እጠራችኋለሁ» ብለኸኝ ነበር። ይኸው አራተኛ ወራችንን ይዘናል። ወቀሳ አይደለም፤ አዲስ አገር ገብቶ ሥራም ቤትም በአንዴ መያዝ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኛ ግን እስክትጠራን ድረስ ሦስት ሻንጣ እየጎተትን ምዕራብ ሐረርጌን አዳርሰናል።

መጀመሪያ ያረፍነው ጪሮ ሣህሊቱ ጋ ነው። አስተማሪ ሳለሁ ክፍል ያከራየችኝ፣ በሠርጋችን ቀን ከእኔ በላይ ያለቀሰችው ሣህሊቱ። «አሰበ ተፈሪ ድረስ መጥተሽ ሆቴል ካረፍሽ ዓይንሽን አላይም» ብላ ሻንጣውን ከእጄ ነጠቀችኝ። እስከ ዛሬ ጪሮ ብላ አታውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ልጅህ ኢዛና ዓይኑን እያሻሸ ወጣና «እትዬ፣ ሆቴላችሁ ጥሩ ነው። ቁርስ ስንት ሰዓት ነው?» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎጣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ «ጌታዬ ምን ይታዘዛል?» እያለች ሁለት ሳምንት አስተናገደችው። አሁን ሌላ ቤት ስንገባ አስተናጋጇ የት ሄደች ይላል።

ከዚያ ቦርደዴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን ጋ አንድ ሳምንት ሰነበትን። ስለ ሙቀቱ አልነግርህም፤ አንተው ታውቀዋለህ። ከዚያ እህትህ ባየች መጥታ ወደ መቻራ ወሰደችን። ያ መንገድ ዛሬም ያው ነው፤ አንጀቴ ቦታ ቀይሮ ነው የደረስኩት። ለቡና ለቀማ ስለደረስን ግቢው በሙሉ ቡና ተሰጥቶበት መርገጫ አልነበረም። ልጅህ ጸሎት ከባየች ልጆች ጋር ቡና ስትገለብጥ እየዋለች፣ አንተ በስምንት ዓመት ያላስተማርካትን ኦሮምኛ በሰባት ሳምንት አቀላጥፋ ተናገረች። አሁን እኔን በኦሮምኛ ነው የምታማኝ።

ኢዛና የመጀመሪያ ጥርሱን የነቀለውም እዚያ ነው። ባየች እንደ ወጉ ጣራ ላይ ልትወረውርለት ስትል እሪ ብሎ አለቀሰ። «ይሄ የኛ ጣራ አይደለም! አዲሱ ጥርስ ሲመጣ እኛ ከሄድንስ?» አለ። ባየች ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ጥርሱ አሁንም በወረቀት ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ሂርናን ለመጨረሻ ያቆየሁት አንተ «አንድ ቀን ሰላም ብላችሁ ውጡ» ስላልከኝ ነው። እኔም ብሆን አባትህን ፈርቻቸው ነበር። ይኸው አምስተኛ ሳምንታችን ነው። ልጆቹ እንደ እዚህ ልጆች «አካኮ» ይሏቸዋል፤ አያታችን ማለታቸው ነው። ጠዋት ተነሥተው ከእሳቸው ጋር ወደ አናጢ ቤቱ ይገባሉ፤ ለምሳ የሚወጡት ፀጉራቸው በሰጋቱራ ተሞልቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጂሬዬ፣ እኔ በድዬሃለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን በድዬሃለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ካምፓላ በገባን በሦስተኛው ወር አባትህ ሲደውሉ አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። ስትመለስ የነገርኩህን ቃል እንኳን አንተ እኔም አልረሳሁትም። «አባትህ፣ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ሆነ ብለሽ ንገሪው ብለዋል» አልኩህ። ጫማህን እያወለቅህ ነበር፤ አንዱን ፈትተህ ሌላውን ሳትፈታ ቀረህ። እናንተን ያለ እናት ያሳደገ፣ ሙያውን ያስተማረህ ሰው ከንቱ ሆንክ ካለህ ሌላ ምን ቀረ? ከዚያ ወዲህ ለበዓል ደውለህ «እንኳን አደረሰዎት፣ ጤና ነዎት» ብለህ ትዘጋለህ። ሂርና የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ወሬ ትቀይራለህ።

ሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገርህ። ላኪልኝ ያልከውን የፓስፖርቶቻችንን ቅጂ ጪሮ ወርደን ልናስነሣ ከአባትህና ከልጆቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ፓስፖርቶቹ ያሉበትን ፖስታ ጠዋት «አንቺ ልጅ ትይዣለሽ፤ እኔ ጋ ይሁን» ብለው ተቀብለውኝ ነበር። ከሂርና ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር የኮታቸውን ኪስ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ረጋ ብለው፣ «ኤዲያ፣ ፓስፖርቱ መና ቀረ» አሉኝ።

ነፍሴ ወጣች። «ወይኔ ጉዴ! ምን ሆነ? ተቀደደ? ውሃ ገባበት?» ብዬ ጮህኩ። ሦስት ፓስፖርት፣ ያን ሁሉ ወረፋ! ረዳቱ ሰው የሞተ መስሎት ጣራውን ደበደበ፤ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። ከአጠገቤ ሳጂዳ የምትባል ጫት ነጋዴ እስሯን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ምን ነክቶሽ ነው አንቺ? ወላሂ ልቤን አወረድሽው!» አለችኝ። «መና ቀረ አሉ እንጂ ጠፋ አሉ? መና በኦሮምኛ ቤት አይደል እንዴ! ቤት ቀረ ነው የሚሉሽ። አብሽሪ።»

ጸሎት ደግሞ ከኋላ ወንበር «እማዬ፣ አካኮ እኮ ሁሌ እንደዚህ ነው የሚሉት። ትናንት መዶሻው መና ቀረ አሉኝ፣ ከቤት ሄጄ አመጣሁላቸው» አለች፣ ለአላዋቂ እንደሚያስረዳ ሰው።

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ሳይቀር መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እኔም መሳቅ ጀምሬ መሃል ላይ ሳቄ ቆመ። መና ቤት መሆኑን እኮ አውቃለሁ። «መና ኬኛ» እያልክ ስለ ቤታችሁ ስንቴ አውርተህልኛል። ግን አማርኛ መሃል ገብቶ ከ«ቀረ» ጎን ሲቀመጥ፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ የምሰማው ሌላ ነው። አባትህ ያኔ በስልክ ያሉኝ ቃል በቃል ትዝ አለኝ። «ለጂሬኛ ንገሪው፤ የደከምኩበት ሁሉ መና ቀረ» ነበር ያሉት። እኔ ነኝ አማርኛቸውን ላሳምር ብዬ «ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ሆነ» ያደረግሁት። እንዳለ ብነግርህ ኖሮ አንተ ወዲያው ይገባህ ነበር። አስተማሪ አይደለሁ? አረምኩት።

እዚያው መኪና ውስጥ «አባባ፣ ያኔ ካምፓላ የደወሉልኝ ጊዜ የደከምኩበት ሁሉ ያሉት ምኑን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልጋው ነዋ!» አሉ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። «የሠርጋችሁ አልጋ። ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ቁም ሣጥን። ስድስት ወር ደከምኩ። እናንተ አውሮፕላን ገባችሁ፣ እሱ መና ቀረ። መጥቶ ይውሰድ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ጂሬኛ ግን መልስም የለው። የውጭ አገር አልጋ ለምዷል፣ የእኔን ንቋል አልኩ፤ ተውኩት።»

አየህ? እሳቸውም እንዳንተው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አኩርፈው ነው የኖሩት። አንዳችሁም ሌላውን አልጠየቃችሁም! እኔ ያበላሸሁትን ነገር አምኜ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩላቸው። ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «ልጄ፣ ከንቱ ነህ አለኝ ብሎ ነው የቀረው?» አሉ። ከዚያ መሃረባቸውን አወጡ። ሳጂዳ «ሱብሃነላህ» ብላ ከእሷ ጋር የማይተዋወቁትን ሽማግሌ ትከሻቸውን ታሻሽ ጀመር። ጪሮ መሄዱ ቀረ። ወርደን በሚመለስ መኪና ሂርና ገባን።

የኋላውን ክፍል ከፈቱልኝ። ጂሬዬ፣ ብታየው! ዋንዛ ነው ሁሉም። አምስት ሳምንት ሙሉ ከጎኑ ተኝተን ያ ክፍል ምን እንዳለበት አላውቅም ነበር። በየመስከረሙ ሸራውን ገልጠው ዘይት ሲቀቡት ኖረዋል። የአልጋው ራስጌ ላይ ያንተንና የእኔን ስም ቀርጸዋል፤ የእኔን «መአዛ» ብለው በአልፋው አ። እኔ አማርኛቸውን አበላሸሁ፣ እሳቸው ስሜን፤ ስለዚህ እኩል ለእኩል ወጣን ብያቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አራታችን ሆነን ገጠምነው። ኢዛና ምሰሶ ያቀብላል፣ ጸሎት በሁለት ቋንቋ ታዛለች፤ አባትህ እየሳቁ መዶሻ ጣታቸው ላይ አሳረፉ። ሲያልቅ ልጆቹ ላዩ ላይ እየዘለሉ እስኪደክማቸው ፈተኑት። ንቅንቅ አላለም።

እኔ እዚህ እንኑር አልልህም። ሉሳካ ሥራ አለህ፤ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቤቱም መስኮቱ ሰፊ ነው ብለሃል። ና ካልከን ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ከዚህ ቀደምም አልመጣም ብዬህ አላውቅም፤ አንተ ባለህበት ሁሉ እመጣለሁ። ግን አልዋሽህም፤ ልብሳችንን በሙሉ አውጥቼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰቅያለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሻንጣዎቹ ባዶ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። ሲያምር ብታይ! ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዝም ብዬ አየሁት።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የሁለት ዓመት ውል ፊርማ ነገርን ይዘጋል። ከመፈረምህ በፊት ናና አባትህን አግኛቸው። ከዚያ ወዲያ የወደድከውን ወስን፤ እኔ አልከራከርህም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። መጋዙን ሲይዙ ጸሎት ጫፉን ትይዝላቸዋለች፤ እሳቸው የማያስፈልጋቸው መስለው ይፈቅዱላታል።

ትናንት «አባባ፣ ለጂሬኛ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ምን ልበልልዎት? አሁንስ አላርምም» አልኳቸው። ሳቁ።

«የዚያን ጊዜ ለምን በአማርኛ ነገሩኝ? ለልጅዎ በገዛ ቋንቋዎ ማታ ደውለው ቢነግሩት ኖሮ» አልኳቸው።

እንጨቱን መላጋቸውን አላቆሙም። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «በራሴ ቋንቋ ልጄን ናፈቅከኝ ማለት ከብዶኝ ነው እኮ በአንቺ ያስነገርኩት።»

ከዚያ ወረቀቱን ስጪኝ አሉ።

ጌታ ይጠብቅህ ጂሬዬ። መግቢያ መውጫህን ይባርክልህ፤ ፊቱን ያብራልህ። ጸሎት ትስምሃለች፣ ኢዛና አንድ ጥርስ ጎድሎት ይስምሃል። ሣህሊቱና ባየች ሰላም ይሉሃል።

ሁሌም የአንተው
መዓዛ

ከዚህ በታች በእርሳስ ያለው የአባትህ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለአንዲት ቃል ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ና ማለት እንደሆነ ጸሎትን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ አንድ ፊደል አልነካሁበትም።

ኮቱ