አዳነ ሳይጨርሰው የሄደው ተረት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፴፩

ሦስተኛውን ወረቀት ቀደድሁት። «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጀግና ነበረ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በድን ሆነብኝ።

ልጄን አዳነን ነሐሴ ላይ ንዳድ ወሰደው። ሦስት ክረምት ሙሉ አንዱን ተረት ሲነግረን ኖረ፤ ወንዙን የሚጠጣ ባለ ሰባት አፍ ዘንዶ፣ ከውኃው ሥር ያለ የብረት ከተማ፣ ፀሐይን በጆንያ የቋጠረ ንጉሥ። ሳይጨርሰው ሞተ። ሚስቱ ጥሩነሽ ስምንት ወሯ ነው። ሰኞ ወንድሟ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያሻግራታል፤ እዚህ ጣሊያን አለ፣ እዚያ ዘመዶቿ አሉ። እኔ መቃብሩን ጥዬ አልሄድም። የሚወለደው ልጅ ከአባቱ የሚደርሰው ይህ ተረት ብቻ ነው። አራት ቀን ቀረኝ። እጄ ደግሞ አይፈጥንም።

ዓርብ

የጻፍሁትን ለጥሩነሽ አነበብሁላት። ያበጠ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ሰማችኝ።

«እማማ፣ ይኼማ የሌላ ሰው ተረት ነው» አለች። «እሱ መቼ ‹ጀግናው ሄደ› ብሎ ያውቃል? ‹ሄድሁ፣ መታሁት› ነው እንጂ፣ እንደ ፎካሪ! ዘንዶውን ሲመታ ስንት ገንቦ ሰብሮብኛል።»

ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው አለቀሰች።

እውነቷን ነው። ግን በየትኛው አፌ ነው «እኔ» የምል? እሱ አፈር ውስጥ ነው።

ቅዳሜ

«እኔ» ብዬ ጻፍሁ። ስድስት ገጽ! ጮክ ብዬ አነበብሁት። «እናቴ ሆይ፣ ውኃው ዋጠኝ፤ ብረት ላይ ተኝቻለሁ» የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ።

አልቃሽ በሟች አንደበት ነው የምትናገር። ጎረቤቱ ልቅሶ እንደ አዲስ የተጀመረ መስሎት እየጮኸ ገባ። ሽማግሌው አያ ደስታ ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔም ማቆም አልቻልሁም፣ ማንበቤን ቀጠልሁ። ሦስተኛው የዘንዶ አፍ ሲቆረጥ ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አያ ደስታ። «የምን ዘንዶ ነው?»

«ተረት ነው፣ አያ። የአዳነ ተረት።»

«ለተረት ነው ደረቴን ያስደቃሽኝ?» እንባቸውን ጠረጉ። «በይ ቀጥይ። አራት አፍ ይቀረዋል።»

ሰባቱም ተቆረጡ። ከብረቱ ከተማ ወጣ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልሁ።

እሑድ

መጻፍ ሥራ ከሆነ ሰንበት ይቅር ይበለኝ።

ከብረቱ ከተማ ላወጣው ሞከርሁ። «ወጣሁ» ብዬ ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ። ዐይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት ልዋሽ? «ሞትሁ» ለማለትም እጄ እምቢ አለ። ጥሩነሽ ጓዟን ትቋጥራለች።

መሸት ሲል ጀግናው እናቱን መጥራቱ ትዝ አለኝ። እሷ ምን እንዳደረገች አዳነ ነግሮን አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን በእሷ ዐይን ጻፍሁ። ከተማውን አታይም፣ ዘንዶውን አታይም። ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ብቻ ታያለች። ወጣም አትል፣ ሞተም አትል። ግማሽ ገጽ ሆነ። ሌላ የለኝም።

ሰኞ፣ ሚካኤል

ጥሩነሽ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ከጡቷ ሥር አሰረችው።

«የመጨረሻዋን ግማሽ ገጽ በቃሌ ይዣታለሁ፣ እማማ» አለች።

በቃሏ የያዘችው የእኔን ነው። የእሱ ያለው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ይህን አልነገርኋትም።

የወንዙ መሻገሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። መሐል ላይ ድንጋዩ አዳለጣት፤ በጉልበቷ ወደቀች፣ ውኃው እስከ ትከሻዋ ደረሰ። ወንድሟ አነሣት።

«ወረቀቱ!» ብዬ ጮኽሁ። አልሰማችኝም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ማዶ ወጣች። ከዚያ ደንገሉ ጋረዳት።