ኮምፒውተሬን ሕጋዊ ስላደረጋችሁልኝ

ሐምሌ 2002 ዓ.ም.
ዲላ

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ
የመረጃ አገልግሎት ቤቶች ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና የጽሕፈት ቤትዎን በር ከጠዋት ጀምሮ በትጋት ዘግተው ለሚጠብቁት ሠራተኞችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ ደኅና ነኝ። ይህን በቃል ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባውን ላለማወክ ስል ደብዳቤዬን በአደባባይ ጽፌያለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ካላስታወሱኝ ፈይዛ ሙሐሲን እባላለሁ። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ስድስት ኮምፒውተሮች ይዤ ኢንተርኔት ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማሽኖቹ አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሰልችቶት ያወጣቸው አሮጌዎች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እኔም የተሰረቀ ዊንዶውስ ጫንኩባቸውና ሁለት ወር ሙሉ ከቫይረስ ጋር ስታገል ከረምኩ። ሀሴት የምትባል ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ሁለት ጊዜ ቫይረስ በልቶባት፣ በሁለተኛው ጊዜ ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ካየሁ በኋላ፣ እንዲህስ ሆኖ አይቀጥልም ብዬ ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ።

ያገኘሁት ሊኑክስ የሚባለውን ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲሠራበት፣ ለጎረቤቱ እንዲያባዛለት፣ ከቻለም ውስጡን ከፍቶ እንዲያሻሽለው በጽሑፍ የፈቀዱት ሥርዓት ነው። ሲዲው ከባሕር ማዶ በፖስታ መጣልኝ። አንድ ወር ሙሉ እየሳትኩ፣ እየጠገንኩ ተማርኩት። የአምስቱ ማሽኖች ሃርድ ዲስክ አርጅቶ ስለነበር አውጥቼ ጣልኩትና፣ አምስቱም በኬብል ከስድስተኛው ማሽን እንዲነሡ፣ የሰው ፋይል ሁሉ እዚያው በዋናው ላይ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ደንበኞቼ በመጀመሪያው ሳምንት «ስታርቱ የታለ?» እያሉ ሲያኮርፉ ቆዩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ለመዱት፣ በሦስተኛው ግን ፍላሽ ዲስካቸውን ከቫይረስ ለማጽዳት ከሌላ ቤት እየተነሡ ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። አባቴ ብቻ አልተዋጠለትም። «ልጄ፣ በነጻ አገኘሁት አትበያቸው፤ ገዛሁት በይ» አለኝ። እኔም ስቄበት አለፍኩ። ክቡርነትዎን የማወቅ ዕድል ገና አልገጠመኝም ነበርና አይፍረዱብኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከፍተኛ ተቆጣጣሪዎ አቶ ግዛቸው ዘንድሮ መጋቢት 14 ቀን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መጥተው ስለሰጡኝ የሕግ ትምህርት አመሰግናለሁ። «የዊንዶውሱን ደረሰኝ አምጪ» አሉኝ። ዊንዶውስ እንደሌለኝ፣ የምጠቀመው ሊኑክስ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ። «እሺ፣ የሊኑክሱን ደረሰኝ» አሉ። በነጻ የሚሰጥ ነገር ደረሰኝ እንደሌለው ነግሬ፣ ይህንኑ የሚፈቅደውን ሰነድ አትሜ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ስለነበር አውርጄ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ተመለከቱትና «ማኅተም የለውም» ብለው መለሱልኝ። በዚያው ቀን በዚያው መንገድ፣ በተሰረቀ ዊንዶውስ የሚሠሩ ቤቶች «ልዩ ልዩ የጽሕፈት መሣሪያ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት አሳይተው በሰላም አለፉ። መስረቅ ማኅተም ካለው ሥራ፣ በፈቃድ መውሰድ ማኅተም ከሌለው ወንጀል መሆኑን በዚህች ዕድሜዬ ስላወቅሁ ትምህርቱ ዘገየ እንጂ አልቀረብኝም።

ሁለተኛ፣ አቶ ግዛቸው የአንዱን ማሽን ክዳን በገዛ እጃቸው ፈትተው ውስጡን ካዩ በኋላ፣ ቀና ብለው «ሃርድ ዲስኩን የት ደበቅሽው?» ብለው ስለጠየቁኝ ጥያቄ አመሰግናለሁ። እንደሌለው፣ በኬብሉ በኩል ከዋናው ማሽን እንደሚነሣ አስረዳሁ።

«ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ይሠራል ነው የምትይኝ?»

«እየሠራ እኮ ነው፣ ጋሼ። ይኸው ከኋላዎ።»

ከኋላቸው አንድ የዱመርሶ ቡና አቅራቢ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። አቶ ግዛቸው ግን ዞረው አላዩም፤ ማየት የጽሕፈት ቤትዎ አሠራር እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ «አምስት ሃርድ ዲስኮችን በመሰወር» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ነገሩን ላብራራ ብዬ ዋናው ማሽን ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩና የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣሁላቸው። ነጫጭ ፊደላት በጥቁር ላይ ሲንከባለሉ አቶ ግዛቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምስጢራዊ ጽሑፍ በመላላክ» የሚለው ሁለተኛው ክስ የተጨመረው በዚያች እርምጃ ምክንያት ነው። ቤቴ ታሸገ፤ ዋናው ማሽን በሦስት ሰዎች ታጅቦ ወደ እናንተ መጣ። አምስቱን ሃርድ ዲስክ የሌላቸውን ማሽኖች ግን ተዉልኝ፤ ለዚህም ልግስና አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ይህንኛውን ግን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ኢዮስያስ የሚባል መምህር አለ። ጨለለቅቱ ነው የሚያስተምረው። ከ2001 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ በየገበያው ቀን በሞተር ብስክሌት እየመጣ፣ በር አጠገብ ያለችው ማሽን ላይ ተቀምጦ የጌዴኦ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይጽፍ ነበር። ደብተር አልያዘም፤ ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን ነበር የሚያመጣቸው። ለገበያ የወረዱ አባቶችና እናቶች ምርኩዛቸውን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ አንዲት ቃል ሁለት ሽማግሌዎች ተከራክረው አንዱ ተቆጥቶ ሲወጣ፣ ሌላኛው ከኋላው እየሮጠ ሲመልሰው አይቻለሁ። ልጆቻቸው የማያውቋቸው ቃላት ነበሩ፤ የእንሰት ዓይነቶች፣ የድሮ የዳኝነት ቃላት፣ ለዝናብ ብቻ ከሃያ በላይ ስሞች።

ከሁሉም በላይ የሚያውቁት የኢዲዶው አቶ ጴጥሮስ ነበሩ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ስለ ንብ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ለቀፎው ክፍል ሁሉ፣ ንቦቹ ሊሰደዱ ሲሉ ለሚያሰሙት ድምፅ እንኳ ለየብቻው ቃል ነበራቸው። አንድ ቀን ኢዮስያስ ጽፎ ሲጨርስ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቃሌ እዚህ ውስጥ ገባች?»

«ገባች፣ አባባ።»

«ማን ያወጣታል?»

«ማንም አያወጣትም» አልኳቸው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ የሰጠሁት ክቡርነትዎን ሳላማክር ነው።

ቤቴ በታሸገ በሦስተኛው ቀን ኢዮስያስ ጽሕፈት ቤትዎ መጣ። ማሽኑ ይመለስልኝ አላለም፤ ፋይሏን ብቻ ገልብጬ ልውሰድ ነው ያለው። የተቀበለው ሠራተኛ «የምን ፋይል?» አለው። «የቃላት» ሲል «ምን ዓይነት ቃላት?» ተባለ። ባለሙያው የለም ተብሎ ተመለሰ። በሌላ ሳምንት ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በጽሑፍ አቅርብ አሉት፤ በጽሑፍ አቀረበ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ተቀበለው። በአራተኛው ጊዜ ውሳኔ ይጠብቅ ተባለ። እንግዲህ እዚያ ማሽን ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅንም ነበር የሚል ቃል ከጽሕፈት ቤትዎ ቢወጣ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞችዎ ትጋት ትልቅ ስድብ ይሆናልና ይጠንቀቁ።

ግንቦት 1 ቀን፣ ቤቴ በታሸገ በአርባ ሰባተኛው ቀን፣ እሽጉ ተነሥቶ ማሽኑ «ሕጋዊ ሆኖ ተመልሷል» ከሚል ደብዳቤ ጋር ተሰጠኝ። ሰካሁት። የመጣው ዊንዶውስ ነው፤ ያውም የተሰረቀ ዊንዶውስ። ሳይገዙ የሐሰት የመክፈቻ ቁልፍ የሚያወጡበትን የሌቦች ፕሮግራም እንኳ ባለሙያዎ ረስቶ ዴስክቶፑ ላይ ትቶልኛል። ሃርድ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጎ ነበር። የቅጂ ማስቀመጫ ብዬ ያስገባሁትን ሁለተኛውን ዲስክም ባለሙያዎ አልረሳውም፤ እሱንም ጠርጎታል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልሸሽግም፤ ቅጂውን ከዚያው ማሽን ውጭ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ዲስክ ይበላሻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ባለሥልጣን ያጥበዋል ብዬ ግን አልተዘጋጀሁም። አሥራ አራት ወር የተጻፈ ሥራ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ቃል፣ ለአንድ የተሰረቀ ፕሮግራም ቦታ ለቀቀ።

ለኢዮስያስ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ከእናንተ የነገረው የለም። የሞተር ቆቡን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ውሃ ጠየቀኝ። ጠጣና ብርጭቆውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ጴጥሮስ አርፈዋል» አለኝ። «ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው።»

ቆቡን አጥልቆ ሞተሩን አስነሣ። ከሄደ በኋላ አባቴ ከሱቁ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ነግሬሽ ነበር አላለኝም። እሱ እንኳ ያላለውን ነገር እኔ ለራሴ ስለው ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱን አስወግጄ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ነጻ ፕሮግራም ዲስኮቹ ላይ አስነሣሁ። ዘጠኝ ቀን ፈለገ። ስድስት መቶ አርባ የሚያህል ቃል ብጥስጥስ ብሎ ወጣ፤ ገሚሱ ቃሉ አለ ትርጉሙ የለም፣ ገሚሱ ትርጉሙ አለ ቃሉ የለም። «ንቦች ሊሰደዱ ሲሉ የሚያሰሙት ድምፅ» የሚል አንድ መስመር አግኝቻለሁ፤ ከፊቱ የነበረው ቃል ግን ባዶ ነው። ክቡርነትዎ ያንን ባዶ ቦታ ማየት ከፈለጉ ቤቴ ክፍት ነው፤ እንደ ሌላው ደንበኛ ተራ ይዘው ይገባሉ።

ኢዮስያስ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። የአቶ ጴጥሮስን ልጅ ወይዘሮ ጸሐይን ይዞ መጣ። ከአባቷ ጋር ቀፎ ስትሰቅል ያደገች፣ አሁን ኢዲዶ ቡና የምትለቅም ሴት ናት። አባቷ ከሚያውቁት ግማሹን እንኳ እንደማታውቅ አስቀድማ ተናገረች። «የማውቃትን ግን እናገራለሁ» አለች፤ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግታም ተቀመጠች። በዚያ ቀን አርባ አንድ ቃል ጻፉ። ባዶዋን መስመር ኢዮስያስ አሳያት፤ ብዙ አሰበች፣ አንድ ሁለት ድምፅ በአፏ ሞከረች፣ በመጨረሻም ራሷን ነቀነቀች። እሱም መስመሩን ሳይሰርዝ አለፈውና የሚቀጥለውን ጠየቃት። አሁን በየገበያው ቀን ይመጣሉ። የሚጽፉት በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱም እርስዎ ዘንድ አይደለም።

ካሳ አልጠይቅም፤ የምትከፍሉበት ነገር እጃችሁ ላይ የለም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ለመጻፍ ኮሚቴ ያስፈልገዋል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደፊት ሕጋዊ ልታደርጉት የምትፈልጉት ነገር ሲኖር እባካችሁ በሕገወጥነቱ ተዉት።

የክቡርነትዎን ሰፊ አመለካከት፣ የአቶ ግዛቸውን ጥልቅ የቴክኒክ ዕውቀትና የማኅተማችሁን የማይናወጥ ክብር ዘወትር እያሰብኩ፣ በስብሰባዎ መካከል ይህችን ደብዳቤ የሚያነቡባት ጊዜ እንዲተርፍዎ እየተመኘሁ፣ የእጅ ጽሑፌን አኖራለሁ።

ታዛዥ ሳይሆን ታዛቢዎ
ፈይዛ ሙሐሲን

በድጋሚ፦ ባለፈው ረቡዕ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሉሲ በድንጋጤ ላብ አጥምቋት፣ የመሥሪያ ቤቱን ዲስክ ይዛ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። የጽሕፈት ቤታችሁ የሦስት ዓመት ሰነድ በሙሉ በቫይረስ ተሰውሮ አንድም ፋይል አልከፈት ብሏችሁ ኖሯል። ምስኪኗን አልጠየቅኋት፣ አላስጠበቅኋት፣ በጽሑፍ አቅርቢም አላልኳትም፤ መጀመሪያ ቅጂ ወስጄ ከዚያ አጸዳሁላት፤ አንድም ገጽ ሳይጎድል ይዛ ሄደች። ቅጂ መውሰድ ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ባለሙያዎን ይላኩልኝና አስተምረዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተር ከማስተምራቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ይቀመጣል። ቶሎ የሚገባቸው ልጆች ናቸው፤ ቢቸግረው ያግዙታል።